እቁቡን የት እንጻፈው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ሂሳብ

ጥያቄ፣ ከአዳማ

እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ በራችን ላይ አነስተኛ ሱቅ አላት፤ ሦስት ልጆች አሉን። ወር በገባ ቁጥር ደመወዙ የት እንደሚገባ ግራ ስለገባን ሂሳባችንን በኮምፒውተር ለመያዝ ተስማምተን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛን። ራሙ አራት ጊጋ ነው፤ ባትሪው ከሃያ ደቂቃ በላይ አይቆይም። ላፕቶፑን የሸጠልን ልጅ ክዊክን የሚባል የቤት ሂሳብ ፕሮግራም በክራክ፣ ማለትም ሳይገዛ ቁልፉ ተሰብሮ፣ ልጫንላችሁ ይላል። አብሮኝ የሚያስተምር የአካውንቲንግ መምህር ፒችትሪ ይሻላል ይላል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ኤክሴል ይበቃችኋል ትላለች። የቱን እንያዝ? ከደመወዙና ከሱቁ ሌላ ወርሃዊ እቁብ፣ እድር፣ ለወንድሜ ያበደርኩት ገንዘብም አለ።

መልስ

ወንድሜ፣ መልሱ ያለው በደብዳቤዎ ማለቂያ ላይ ካነሱት እቁብ ዘንድ ነው። ወደ ፕሮግራሞቹ ከመግባቴ በፊት በእኔ ቤት የሆነውን ልንገርዎ።

በአንድ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል 26 ዓመት ሠርቻለሁ። የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ሳንቲም ሳላዛንፍ እዘጋ ነበር፤ የራሴን ቤት ግን የምይዘው በደብተር ነው፦ ግራው ገጽ ገቢ፣ ቀኙ ገጽ ወጪ። በ1999 ዓ.ም. ኮምፒውተር ቤታችን ሲገባ ያንኑ ደብተር እንዳለ ወደ ኤክሴል ገለበጥኩት። በዚያ ዓመት የ12 ሰው እቁብ ነበረን፤ በወር 1,000 ብር። እጣው በሁለተኛው ዙር ወጣልን። እኔም «ገቢ» ከሚለው ሥር 12,000 ብዬ ጻፍኩ። ወሩ ሲዘጋ ሰንጠረዡ ብዙ ገንዘብ እንደተረፈን አሳየ። ባለቤቴም እኔም ያንን ቁጥር አምነን ፍሪጅ ገዛን፤ ከተረፈው ለሶፋ ቀብድ ሰጠን። ገና አሥር ዙር፣ ማለትም 10,000 ብር፣ እንደሚቀርብን ሰንጠረዡ የትም ቦታ አልጻፈውም። መስከረም ላይ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ እጃችን ባዶ ነበር። እናቴ ለመድኃኒቷ ካስቀመጠችው ላይ አበደረችኝ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የእቁብ ገንዘብ ሲከፍሉት ወጪ አይደለም፤ ሲቀበሉትም ገቢ አይደለም። እጣው እስኪደርስዎ ድረስ ሰው እጅ ያለ የራስዎ ገንዘብ ነው፤ በእኛ ሙያ ተሰብሳቢ ሂሳብ እንለዋለን። ከደረሰዎ በኋላ ያለብዎ ዕዳ ነው፤ ተከፋይ ሂሳብ። ገቢንና ወጪን ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም፣ ስልክ ላይ የሚጫኑት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ እኔን እንዳሳሳተኝ እርስዎንም ያሳስትዎታል። ስለዚህ ሀብትንና ዕዳን ለየብቻ መዝገብ የሚከፍት፣ ገንዘብ ከአንዱ ሲወጣ ወደ የትኛው እንደገባ የሚጠይቅ ፕሮግራም ያስፈልግዎታል።

በቁጥር እንየው። 20 ሰው፣ በወር 5,000 ብር፣ እጣው 100,000፤ ለእርስዎ በ7ኛው ዙር ወጣ እንበል። «እቁብ» የሚል አንድ መዝገብ ይከፍታሉ። በየወሩ 5,000 ብር ከባንክ ወደ እቁብ ያዛውራሉ። ስድስት ዙር ሲያልፍ መዝገቡ 30,000 ይላል፤ ያ የእርስዎ ነው። በ7ኛው ዙር የወሩን 5,000 ከፍለው 100,000 ሲቀበሉ መዝገቡ ከዜሮ በታች 65,000 ይወርዳል። የቀረው 13 ዙር በ5,000 ሲባዛ ያው 65,000 ነው። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን በከፈቱ ቁጥር ያቺን ከዜሮ በታች የሆነች ቁጥር ያዩዋታል፤ ሶፋ ቤት ሲገቡ ትዝ ትልዎታለች። የመጨረሻው ዙር ሲከፈል መዝገቡ ልክ ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ካልቆመ ያልጻፉት ዙር አለ፤ ወይም ከእቁቡ ጸሐፊ ጋር የሚተያዩት ነገር አለ። ለዳኛውና ለጸሐፊው የሚሰጥ ነገር ካለ እሱ ብቻ ወጪ ይባላል።

እድሩ ሌላ ነው። የእድር መዋጮ ተመልሶ አይመጣም፤ ወጪ ብለው ይጻፉት። ለወንድምዎ ያበደሩት ግን እንደ እቁቡ ተሰብሳቢ ነው፤ በስሙ መዝገብ ይክፈቱለት። ሲመልስልዎ ገቢ ብለው እንዳይጽፉት አደራ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሳይጨናነቅ የሚይዘውና እኔም ዛሬ የምሠራበት ግኑካሽ የሚባለው ነው። የመጀመሪያው እትሙ በ1998 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ እስከ ዛሬ ይታደሳል። ዋጋ አይከፈልበትም፤ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። አንዴ አውርደው ከጫኑት በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅዎትም። ሲጀምሩ የሚጠቀሙበትን ገንዘብ ይጠይቅዎታል፤ ከዝርዝሩ ኢቲቢ የሚለውን፣ ማለትም ብርን፣ ይምረጡ። ትእዛዞቹን እኔ በእንግሊዝኛ ነው የማነባቸው፤ የመዝገቦቹን ስም ግን በሙሉ በአማርኛ ጽፌያለሁ፦ «ጤፍና በርበሬ»፣ «መብራትና ውኃ»፣ «ለቅሶና ሠርግ»። ባለቤትዎ የሚያነቡት እነዚህን ስለሆነ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። በድሮው የፓወር ግዕዝ ፊደል አይጻፉ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ፣ ማለትም የትኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው የፊደል አሠራር፣ የሚጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ ይጫኑ።

በመጀመሪያው ወር አንድ ነገር ያስቸግርዎታል። የገንዘቡን አንድ ወገን ጽፈው ሌላውን ቢዘነጉ ፕሮግራሙ ልዩነቱን «ኢምባላንስ» በሚባል መዝገብ ይይዘዋል። ያንን መዝገብ በየሳምንቱ እየከፈቱ ያጥሩት፤ ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት። የሥራ ባልደረባዎ የአካውንቲንግ መምህር ስለሆኑ በዚህ ጉዳይ ይርዱዎት፤ ዴቢትና ክሬዲት ለእሳቸው የዕለት እንጀራ ነው።

ክራኩን ግን እምቢ ይበሉ። የሰው ንብረት መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፕሮግራም የባንክ ሂሳብዎ በሚጻፍበት ኮምፒውተር ላይ ሊጫን ነው፤ እንዲህ ያለውን ሲጭኑ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርጉት አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው። ደግሞም ክዊክን የተሠራው ለአሜሪካና ለካናዳ ሰው ነው፤ ዛሬ በዓመታዊ ክፍያ ይሸጣል። የሚወደድበት ምክንያት ከዚያ አገር ባንኮች ሂሳቡን በቀጥታ ስለሚስብ ነው። የእኛ ባንኮች ከእሱ ጋር አልተያያዙም፤ ስለዚህ ዋናው ጥቅሙ ለእርስዎ የለም።

ፒችትሪ፣ ዛሬ ሴጅ 50 የተባለው፣ የድርጅት ነው። ደንበኛ፣ አቅራቢ፣ የዕቃ ክምችት፣ የሠራተኛ ደመወዝ እያለ ይጠይቃል። እኔም በፋብሪካው ሠርቼበታለሁ፤ ለቤት አላመጣውም።

የእህትዎን ልጅ ግን አልቃወማትም። በኤክሴል፣ ወይም በነጻ በሚገኘው በሊብሬኦፊስ፣ እያንዳንዱ መስመር «ከየት» እና «ወደ የት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ካሉት እቁቡም ብድሩም በትክክል ይያዛል። ችግሩ መሐል ላይ መስመር ሲገባ ወይም ሲሰረዝ ድምሩ ሳይነግርዎ ሊዛነፍ መቻሉ ነው። ሰንጠረዡን የሠራችው ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ስትሄድ የሚያስተካክለው ማን ነው? እሷ አብራችሁ የምትኖር ከሆነ ይሞክሩት። ሁለት ወገን መጻፉ ባለቤትዎን ካሰለቻቸው ደግሞ ሆምባንክ የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ቀለል ይላል፣ የዕዳ መዝገብም ይከፍታል፣ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ማዛወርም ያውቃል። የቤት ባጀት መያዝ ለሚፈልግ በጣም ደስ ይላል።

ስለ ባትሪው ልጨምር። ግኑካሽ ፋይሉን መጀመሪያ ሲያስቀምጡ በምን ዓይነት ላስቀምጠው ብሎ ይጠይቃል። ኤክስኤምኤል የሚለውን ከመረጡ በየጊዜው ነው የሚያስቀምጠው፤ ኤስኪውላይት ካሉት እያንዳንዱን ጽሑፍ እዚያው ወዲያው ይመዘግባል። ሃያ ደቂቃ በማይቆይ ባትሪ ሁለተኛውን ይምረጡ። ነገር ግን ኤክስኤምኤሉ ቀን እየጻፈ የቆዩ ቅጂዎችን ራሱ ያስቀምጥ ነበር፤ ኤስኪውላይት ላይ ያንን እርስዎ ማድረግ አለብዎ። እሑድ እሑድ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ፍላሹም ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ ይቀመጥ፤ እህትዎ ቤት ቢሆን ደስ ይለኛል። በ2003 ዓ.ም. መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የእኛ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ተቃጠለ። የአራት ዓመት ሂሳብ ነበር። መጠባበቂያ ብዬ ያስቀመጥኩት ቅጂ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነበር።

የቀን አቆጣጠሩ ነገር ብዙ ሰው ተስፋ ሲያስቆርጥ አይቻለሁ። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚያውቁት የፈረንጁን ወር ነው፤ እቁብና እድር የሚከፈሉት በእኛ ወር ነው። ግኑካሽ በየጊዜው የሚደጋገም ክፍያ በራሱ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። «በየወሩ» ካሉት ቀኑ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር 11 ይውላል፣ ሐምሌ 1 ግን በጁላይ 8። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ «በየ30 ቀኑ» ብለው ይዘዙት። ከመስከረም 1 እስከ ነሐሴ 1 አንድም ቀን ሳይስት ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው ጳጉሜ 1 ላይ ስለሚወድቅ ትእዛዙ ነሐሴ ላይ እንዲያበቃ አድርገው በአዲሱ ዓመት ከመስከረም 1 እንደገና ይጀምሩት። ዘገባው የሚሸፍነውን ጊዜም ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ እንዲቆጥር ማስተካከል ይቻላል፤ ያኔ የዓመቱ ድምር የእኛው ዓመት ድምር ይሆንልዎታል።

የሱቁን ሂሳብ በሌላ ፋይል ይያዙ። በአንድ ላይ ከያዙት የሱቁ ሽያጭ የቤት ገቢ ይመስላል፤ ከዚያው ላይ ዕቃ መልሶ መግዛት እንዳለ ይረሳል። ባለቤትዎ ከሱቅ ለቤት ዘይት ወይም ስኳር ሲወስዱ ቤቱ ለሱቁ የገዛበትን ዋጋ ይክፈል። ያ ዘይት ካልተጻፈ ወሩ ሲያልቅ ሱቁ ለምን እንደጎደለ ሁለታችሁም አታውቁትም፤ በዚህ የተነሳ የተጣሉ ባልና ሚስት አውቃለሁ።

ያለፈውን ዓመት ለመጻፍ አይሞክሩ። የወሩ የመጀመሪያ ቀን ማታ ተቀምጣችሁ ባንክ ያለውን፣ ቴሌብር ላይ ያለውን፣ ኪስና መሳቢያ ውስጥ ያለውን ቆጥራችሁ ያንን የመነሻ ሂሳብ አድርጉት። ቴሌብርን ከባንኩ ለይታችሁ ራሱን የቻለ መዝገብ ስጡት። ከባንክ የሚመጣውን መልእክት ሳትጽፉ አታጥፉ፤ የአገልግሎት ክፍያውና ቫቱ እዚያ ላይ ነው ያለው፤ ጥቂት ቢመስልም በዓመት ሲደመር ታዩታላችሁ። አንድ ወር ሙሉ ከሠራችሁበት በኋላ ካልተስማማችሁ ያኔ ሆምባንክን ሞክሩ፤ አንድ ወር ቢጠፋ ብዙ አይደለም።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እትዬ፣ የሕሙማን ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። ለዓመታት ሂሳቤን ሚንት በሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት ነበር የምከታተለው፤ ሲዘጋ ሌላ ነገር ሳልይዝ ቀረሁ። ለእናቴ በየወሩ እልካለሁ፤ አዲስ አበባ ደግሞ በስሜ የብር ሂሳብ አለኝ፣ ለቤት መሥሪያ የማጠራቅምበት። በዶላርም በብርም የሚሠራ፣ ነገ ደግሞ የማይዘጋብኝ ምን አለ?

መልስ

ልጄ፣ ሚንት በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ የአንቺ ሂሳብ ነበር። በ2007 ተጀመረ፣ በ2009 ኢንቱይት የሚባል ኩባንያ ገዛው፣ በማርች 2024 ዘጋው። ከዚያ በፊት የሆነውን ደግሞ እይው፦ ማይክሮሶፍት መኒ የሚባለው ፕሮግራም ሽያጩ በ2009 ቆመ። ግን ፋይሉ በየሰዉ ቤት፣ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ ስለነበር ሰዎች መዝገባቸውን ይዘው ቆዩ፤ ኩባንያውም ምዝገባ የማይጠይቅ የመጨረሻ እትም በነጻ ለቀቀላቸው። (ዓመቶቹን እንደ አንቺ አገር አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።) ስለዚህ ፋይሉ በእጅሽ የሚቀመጥ ፕሮግራም ያዢ። ላንቺም የምመክረው ግኑካሽን ነው። አንድ ቀን ባይታደስ እንኳ ፋይሉ ካንቺ ጋር ነው፤ ዝርዝሩንም በሲኤስቪ አውጥተሽ በማንኛውም ሰንጠረዥ ላይ መክፈት ትችያለሽ።

አሜሪካ ያሉ ብዙ ባንኮች የወሩን እንቅስቃሴ በኦኤፍኤክስ ወይም በኪውኤፍኤክስ ፋይል እንድታወርጂ ይፈቅዳሉ። ያንን ፋይል ግኑካሽ ያነበዋል። መጀመሪያ የትኛው ለምን እንደሆነ አንቺ ታሳይዋለሽ፤ እየቆየ ከመረጥሽው ይማራል፣ የገበያውን ወደ ገበያ፣ የቤት ኪራዩን ወደ ኪራይ ራሱ ያስቀምጥልሻል። እንደ ሚንት ሳትነኪው አይሠራም። በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይበቃዋል።

ለእናትሽ የምትልኪውን በዶላር፣ ወጪ ብለሽ ጻፊ፤ የማስተላለፊያውን ክፍያ ለብቻው። እናትሽ ጋ ስንት ብር እንደደረሰ በማስታወሻው ላይ ብታሰፍሪ ይበቃል። የቤት መሥሪያው ሂሳብ ግን ወጪ አይደለም፤ ገንዘብሽ ቦታ ቀየረ እንጂ አልወጣም። በብር የሚቆጠር መዝገብ ክፈቺለት። ከዶላር ወደ ብር ስታዛውሪ ፕሮግራሙ የምንዛሬውን ዋጋ ይጠይቅሻል፤ በዕለቱ በእርግጥ ያገኘሽውን ጻፊ፣ ጋዜጣ ላይ ያየሽውን አይደለም።

ምንዛሬው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእናንተ ጁላይ 29፣ 2024፣ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ተኩል ገደማ ነበር። 1,150,000 ብር አጠራቅመሽ ቢሆን በ57.50 ሲመነዘር 20,000 ዶላር ነው፤ በ115 ሲመነዘር 10,000 ዶላር ይሆናል። መዝገቡ ውስጥ የድሮው ዋጋ ካለ ፕሮግራሙ ያለሽ ሃያ ሺህ ነው እያለሽ ይቀጥላል። የዋጋ መዝገቡን በወር አንዴ በእጅሽ አድሺው። እኔ ብሆን የቤቱን ሂሳብ በሁለቱም ዓይን አየዋለሁ፦ ለግንበኛውና ለአናጺው የምከፍለውን በብር፣ ብረቱንና ከውጭ የሚገባውን ዕቃ በዶላር። ዋጋቸው ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው።

ደግሞ አንድ ሕግ አለ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆንሽና ከአሜሪካ ውጭ ያሉሽ ሂሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ፣ ኤፍባር የሚባለውን ማሳወቂያ በአሜሪካ ግምጃ ቤት ሥር ላለው ፊንሰን ለሚባል መሥሪያ ቤት መሙላት አለብሽ። ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 15 ነው፤ ሳትጠይቂ እስከ ኦክቶበር 15 ይራዘማል። የሚጠየቀው በዓመቱ የደረሰበት ከፍተኛ መጠን ነው፤ ወደ ዶላር የሚለወጠው በዓመቱ መጨረሻ ባለው የአሜሪካ ግምጃ ቤት ምንዛሬ ነው። የብር መዝገብሽን ከያዝሽ ያንን ከፍተኛ ቁጥር በአንድ ደቂቃ ታገኚዋለሽ። ግብር አይደለም፣ ማሳወቂያ ነው፤ አለማሳወቁ ግን ቅጣት አለው። ታክስ ለሚሠራልሽ ሰው አዲስ አበባ ሂሳብ እንዳለሽ ሳትደብቂ ንገሪው።

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ

እትዬ፣ ግኑካሽን ጭኜ ወድጄዋለሁ። ኮምፒውተሩ ግን የቤተሰቡ ነው፤ የወንድሞቼ ጓደኞችም ይጠቀሙበታል። የይለፍ ቃል ማስገቢያው የት ነው?

መልስ

የለውም። ግኑካሽ ፋይሉን አይቆልፍም፤ ኮምፒውተሩን የከፈተ ሁሉ ሊያየው ይችላል። ቢያንስ በዊንዶውስ ላይ የራስሽን መግቢያ ከይለፍ ቃል ጋር አበጂ። መቆለፍ ግድ ከሆነብሽ መኒ ማኔጀር ኤክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን በይለፍ ቃል መስጥሮ ያስቀምጣል፤ ወይም ቬራክሪፕት በሚባለው የተቆለፈ ቦታ ፈጥረሽ የግኑካሹን ፋይል እዚያ ውስጥ አኑሪው። ሁለቱም ላይ የይለፍ ቃሉን ከረሳሽ የሚያወጣልሽ የለም። በወረቀት ጽፈሽ ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጪው፤ የት እንዳለም ለእናትሽ ንገሪያት።